በሐረር ጁገል የእግረኛ መንገድ

የሐረርን ከተማ ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ጁገል የተባለውን ግንብ ነው። ይህን ግንብ በ16ኛው ምእት ዓመት፥ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር፥ አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል፤ ዙሪያውም 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የጥንቱ በሮች 5 ሲሆኑ እነርሱም ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። የተከፈቱትም ለሰውና ለጭነት ከብት እንጂ ለመኪና አልነበረም። መኪና የሚያስገባው ሰፊ ጎዳና ኋላ በተከፈተው በሐረር በር ገብቶ ወደ ፈረስ መጋላ ይደርሳል።

ከፈረስ መጋላ ወዲያ ግን አገሩ የእግረኛ ነው። ልብስ ሰፊዎች የተሰበሰቡበት መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ይህንም ስም ያገኘው ከአውቶሞቢል ሳይሆን ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ሐረሪዎች ጠባቡን መንገድ «ኡጋ» ይሉታል። ኡጋው ጠባብና ጠማማ ስለ ሆነ ማንም ሊሮጥበት አይችልም፤ ከፍ ያለውም የግቢ ቅጥር ለመንገደኛው ጥላ ይሰጠዋል። ከገበያ ዘንቢል ተሸክማ የምትመለስ ሴት፥ በምርኵዝ የሚሄድ ሽማግሌና በደጃፉ የሚጫወት ሕፃን ያለ ሥጋት ይገናኙበታል፤ ሰላምታም ሳይለዋወጡ አይተላለፉም።

የሆላንድ ሰዎች በዴልፍት ከተማ መኪና የልጆቻቸውን መጫወቻ ቢወስድባቸው፥ መንገዱን አጣመው ዛፍና መቀመጫ አኖሩበት። የአገሩም መንግሥት እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ይህን ሥራ በሕግ አጸናው። በእንዲህ ያለው መንገድ እግረኛው በሙሉ ስፋቱ ይሄዳል፥ ሕፃናትም ይጫወቱበታል፤ ነጂው ግን በእግረኛ እርምጃ ልክ እንዲነዳ ይገደዳል። ስሙም በቋንቋቸው «የመኖሪያ ግቢ» ማለት ነው። እነርሱ በብዙ ድካም ያገኙትን የሐረር አባቶች አስቀድመው ሠርተውት ነበር።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የመኪና ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት 4 እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይተርፋል፤ በ50 ኪሎ ሜትር የተገጨው ግን ለሞት የሚያሰጋው አደጋ እጅግ ይበዛበታል።

እንግዲህ በአሮጌ ሰፈሮች ላይ የሚሠለጥኑ ሹማምንት ይህን ሊያስቡ ይገባቸዋል። ጁገል እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው ከነኡጋው ነው። ለመኪና ሲባል የግቢ ቅጥር ቢፈርስ መንገዱ ይሰፋል፤ ነገር ግን ጥላው፥ ጨዋታውና ሰላምታው አብረው ይፈርሳሉ። መኪና የማይገባበት ኡጋ ለባጃጅ አይጠብምና በየመግቢያው የድንጋይ ንጣፉን ከፍ አድርጎ ወይም ምሰሶ ተክሎ ማገድ ይበጃል። ለመኪናዎች ማቆሚያው በግንቡ ውጭ ይሁን፤ ከባድ ዕቃም እንደ ቀድሞው በአህያ ይግባ። ለበሽተኛና ለእሳት አደጋ ግን መግቢያው አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የከተማ ሥልጣኔ የሚለካው በመኪናው ብዛት ብቻ አይደለም፤ እናት ልጅዋን ወደ ደጅ ስትልከው ሳትሠጋ መቅረቷም መለኪያው ነው።