ደንቆሮ የሰማ ዕለት

«ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ይላሉ አበው። በዚህ ተረት ስንት ጊዜ ስቄያለሁ፤ ስንቱን ተማሪ ተርቼበታለሁ! ስድሳ አምስት ዓመቴን ካለፍኩ በኋላ በራሴ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም። ይህን ስጽፍ ማራኪ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ከሁለቱም ጆሮዎቼ ኋላ የባቄላ ፍሬ የምታህል የመስሚያ መሣሪያ ተሸጉጣለች። እብደቱስ? እሱም አልቀረልኝ፤ አጫውታችኋለሁ።

ጆሮ እንደ ዓይን አይደለም። ዓይን ሲደክም ባለቤቱ ቶሎ ያውቃል፤ ጋዜጣውን ያርቃል፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተዋል። ጆሮ ግን ሲከዳ አይናገርም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ለሐሜት ቢሆንም ለዚህም ይሠራል። እኔ የደከመው የኔ ጆሮ ሳይሆን የሰዉ አንደበት ይመስለኝ ነበር። የዛሬ ልጆች ያጉተመትማሉ፤ ዜና አንባቢው ቃሉን ይውጣል፤ የዕድሩ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን የሚያነበው ለራሱ ጢም ነው። ስለዚህ ስብሰባ መሄድ ተውኩ። ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ መቀመጥ፣ ሰው ሲስቅ መሳቅ፣ ሰው ከንፈሩን ሲመጥ አብሮ መምጠጥ ለመድኩ። በዚያ ዘመን እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክት ዓይን ብቻ ሆኜ ነበር።

አንድ ማታ የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባለቤቴ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ቃል ተናገረች። «ሰፋኝ» ያለችኝ መሰለኝ። ለታናሽ እህቷ ሐዘን ያሰፋችው ጥቁር ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ወለል ብሎ ነበርና፣ «ታዲያ ምን ችግር አለው? ልብስ ሰፊው ጋ ውሰጂውና ያጥብብልሽ» አልኳት። ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ያለችው «ከፋኝ» ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃችን ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «አባዬ፣ እማዬ ላይ በሐዘኗ ለምን ትቀልዳለህ?» ብላ ስትቆጣኝ ነው። ይህንንም ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነው ያሰማችኝ።

ልጄ ጎትታ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስቀምጠው፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አዘዙኝ። ባለሙያዋ ውጤቱን በወረቀት አሳየችኝ፤ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ይወርዳል። ወፍራሙን ድምፅ ደህና እሰማለሁ፤ ቀጭኑን ግን አጥቼዋለሁ። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ከ»፣ «ተ» የሚለዩት ደግሞ በአብዛኛው በዚህ በቀጭኑ በኩል ነው። ስለዚህ የሰው ድምፁ ይደርሰኛል፣ ቃሉ አይደርሰኝም። ሰፋ፣ ከፋ፣ ተፋ ለኔ አንድ ሆነዋል። ሰው ሲጮኽብኝም የሚጎላው ያው የማልቸገርበት ወፍራሙ ድምፅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንደኔ በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር ያለበት ሰው ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ነው። እኔ ግን ማራኪ ውስጥ ብቻዬን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

መሣሪያዎቹን አድርጌ ጎንደር በገባሁ ማግሥት ተረቱ ደረሰ። ጫማዬ ይጮኻል። ጋዜጣ ስገልጥ ጭራሮ የሚነድ ይመስለኛል። ማንኪያ ከሲኒ ጋር ሲነካካ ያስደነግጠኛል፤ ባጃጁ መንገዱን ትቶ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። አውልቄ ልወረውራቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ባለሙያዋ ግን፣ «አእምሮ የረሳውን ድምፅ እንደገና እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል» ብላኝ ነበርና ታገሥኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጧት፣ «ምንድን ነው ይሄ የሚንጫጫው?» ብዬ ባለቤቴን ጠየቅኋት። «ወፍ ነዋ!» አለችኝ፤ እያዘነችልኝ።

እንግዲህ ወደ በረከቱ ልምጣ። መስማቴን አልቆጥርም፤ እሱ የተከፈለበት ነው። የማወራችሁ ስለ ምርቃቱ ነው።

የመጀመሪያው ምርቃት ዝምታ ነው። ሌላው ሰው ጆሮውን መዝጋት አይችልም፤ እኔ እችላለሁ። ማታ አውልቄ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ውሻው ቢጮኽ፣ ጅቡ ቢያላዝን፣ የጎረቤት ተከራዮች ሙዚቃ ቢከፍቱ ምን አገባኝ? በጎንደር ከኔ የተሻለ እንቅልፍ የሚተኛ ካለ ይምጣና እንከራከር። እርግጥ ባለቤቴ አንድ ሕግ አውጥታለች፤ በጠብ መሃል ጆሮ ማውለቅ ክልክል ነው።

ይህን የዝምታ ጥቅም ከኔ በፊት የተናገረ ትልቅ ሰው አለ። ቶማስ ኤዲሰን ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት ይከብደው ነበር። እሱ ግን ድንቁርናው ሐሳቡን እንዲሰበስብ እንደረዳው ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 የሰውን ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ የሠራው ይኸው በደንብ የማይሰማው ሰው ነው።

ሁለተኛው ምርቃት የሰዉ ጠባይ ነው። መሣሪያዋ ቃልን ወደ ጆሮዬ ታቀርባለች እንጂ የአሥር ሰው ጫጫታ ለይታ አትሰጠኝም። ስለዚህ ወደ ዕድሩ ስመለስ ሊቀመንበሩ፣ «መምህር እንዲሰሙ አንድ በአንድ» ማለት ጀመረ። አንድ በአንድ ሲባል መጠባበቅ መጣ፤ መጠባበቅ ሲመጣ ጭቅጭቁ ቀነሰ። ሦስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ስብሰባ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቅ ጀመር። ጆሮ የደከመው አንድ ሰው ሲሆን መስማት የተማረው ግን ዕድሩ በሙሉ ነው።

ሦስተኛው ምርቃት ምስጢረኛ መሆኔ ነው። አራዳ ገበያ ስሄድ አንዱ ጠጋ ይልና ግራ ቀኙን አይቶ፣ «መምህር፣ ስንት ተገዛ?» ይለኛል። እስካሁን አምስት ሰዎች እንደማይሰሙ በጆሮዬ ነግረውኛል፤ ለሚስቶቻቸው ያልነገሩትን! መነጽር ቢሆን ያፍሩ ነበርን?

ባትሪዎቹን የምትቀይርልኝ አብራን የምትኖረው የልጅ ልጄ ናት። ባትሪዋ ከምስር ብዙም አትበልጥም። ጀርባዋ ላይ ያለችው ወረቀት ስትላጥ አየር ይገባትና ሥራ ትጀምራለች። ከዚያ ወዲያ ብንጠቀምባትም ባንጠቀምባትም ዕድሜዋ መቆጠሩ አይቀርም። ልጅቱ ይህን ስለተረዳች፣ «አባባ፣ ወረቀቷ ተልጣለችና ዝም ብለህ አትቀመጥ፤ ተረት ንገረኝ» ትለኛለች።

ነገር ግን ምርቃቱ ዕዳም ይዞብኝ መጣ።

31 ዓመት አስተምሬያለሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ ደንቢያ ውስጥ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ጆሮው ይመግል ነበር። ስሙን ስጠራ አይመልስም፤ ሳስረዳ ግን ፊቴን ትክ ብሎ ያያል። ይህ ለኔ ድፍረት ነበር። «ጆሮህ የት ነው ያለው?» እያልኩ ያንኑ ጆሮውን እቆነጥጠው ነበር፤ «ደንቆሮ» ስለውም ክፍሉ ይስቅልኛል። ልጁ ዓመቱን ሳይጨርስ ትምህርቱን ተወ። ከሰነፍ ተማሪ ተገላገልኩ ብዬ ስሙን ከመዝገብ ሰረዝኩ።

ዛሬ ያ አስተያየት ይገባኛል። ስንት ዓመት ሙሉ የሰውን ከንፈር ያየሁት እኔም እንደዚያው ትክ ብዬ ነው። በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ እንደሆነ፣ የሚመግል ጆሮም ከምክንያቶቹ አንዱ እንደሆነ ያነበብኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ልጁን አፈላለግሁ፤ አላገኘሁትም። ቢገኝስ ምን እለው ነበር?

ያደረግሁት ነገር ትንሽ ነው። የልጅ ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት ሄጄ መምህራኑን ለመንኳቸው፤ ፊታችሁን ትክ ብሎ የሚያይ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት ከፊት አስቀምጡት፤ ወላጆቹንም ጠርታችሁ ጆሮው እንዲታይ ንገሯቸው አልኳቸው። መሣሪያዬንም አውልቄ አሳየኋቸው። አንዷ መምህርት የክፍሏን ልጆች በሐሳቧ ስትቆጥር ፊቷ ላይ አየሁት።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ጥቁሩን ልብስ አውልቃ ነጩን ቀሚሷን ለበሰች። በሐዘኑ ከስታለች። መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና አንድ ቃል ተናገረች። መሣሪያዎቹ ጆሮዬ ላይ ናቸው፤ በደንብ ሰምቻታለሁ። ሆኖም ተነሥቼ አጠገቧ ቆምኩና፣ «ሰፋኝ ነው ያልሽው ከፋኝ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ዛሬስ ሰፋኝ ነው» አለችኝ፤ ሳቀችም። ሳቋን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት።