«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን በላህ?»

የክፍል ጓደኞቹ «ያመረቅናል» ብለውት እዚህ ስዊድን ከጥድ ጫካ ለቅመው የበሉት እንጉዳይ ምንም አላደረጋቸውም ነበር። «ምርቃናም የለው፣ ጣዕምም የለው» እያለ ሲያሾፍ ሰነበተ። ልጅ ሳለን «የጅብ ጥላ» እያልን በእግራችን የምንረግጠውን ነገር እዚህ ሰው ቅርጫት ይዞ ሲለቅመው አሁንም ይገርመኛል።

በስድስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረ። ውኃ ጥሙ አይጣል ነው። ወገቡን ግራና ቀኝ ያመዋል። «ጉንፋን ነው» አለ፤ ሽንቱ እየቀነሰ ሲመጣ ግን ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሟ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን እንደበላ ስትጠይቀው ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «እንዳትነግሪያት፤ ቤት ይሰማሉ» አለኝ። የሐበሻ ነገር! ኩላሊቱ እየሞተ የሚያስጨንቀው ወሬው ነው። ነገርኳት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

የሚያሳብደው ሳይሎሳይቢን ያለበት ትንሹ እንጉዳይ የሚበቅለው በግጦሽ ሣር መካከል ነው። እነሱ የለቀሙት ግን የጫካ ነበር፤ ኮርቲናሪየስ ከሚባለው ወገን። ኦሬላኒን የተባለው መርዙ በመቀቀልም፣ በመጥበስም፣ በማድረቅም አይጠፋም። ምልክቱ ከሁለት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚዘገይ፣ ታማሚው ምግቡን ረስቶት ነው ሐኪም ቤት የሚደርሰው። ማርከሻ የለውም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኒኮላስ ኢቫንስ በ2008 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የሚበላ መስሎት ለቅሞ ከዘመዶቹ ጋር በላው፤ በ2011 የገዛ ልጁ ኩላሊቷን ሰጠችው። እሱ እንኳ ለእራት ብሎ ነው።

አብረውት ከበሉት አንዱ ጥቂት ቀን ታሞ ዳነ፤ ሌላው ጭራሽ ምንም አልሆነም። ለምን የእሱ ብቻ እንዲህ ሆነ እያለ ሌሊት ሌሊት ይጠይቀኛል። አሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ አራት አራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት ላይ ነው። የጠዋት ትምህርቱን ትቷል። ሙዝና ብርቱካን ተከልክሏል፤ የሚጠጣው ውኃ በኩባያ ይለካል።

ለእናቱ «ኩላሊቱን አመመው» ብቻ ነው የተነገራቸው። ባለፈው እሁድ ደወሉልኝ። የደም ዓይነታቸውን አስመርምረዋል፤ ከእሱ ጋር አንድ ነው። ቪዛ ከተገኘ ነገ ልምጣ አሉ።

«ለመሆኑ ልጄን ምን አገኘው?»

«እሱ ራሱ ይንገርዎት፣ እትዬ» አልኳቸው።

እስካሁን አልነገራቸውም።