ከቂርቆስ ካዛንቺስ በብስክሌት

እናንተስ ዘመድ ከጠየቃችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ይህን ጥያቄ ለራሴ እንዳቀርብ ያደረገችኝ አክስቴ ናት። የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ዕለት ደውላ «እንኳን አደረሳችሁ» ካለችኝ በኋላ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ለመሆኑ ቂርቆስ ክፍለ ሀገር ሆነ እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እኔ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ እሷ ካዛንቺስ፤ ሁለታችንም በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነን። ሆኖም ስምንት ወር ሙሉ አልሄድኩም። ምክንያቴን ታውቁታላችሁ፦ የታክሲ ሰልፍ፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ የልጅ ጥናት፣ የቤት ሥራ።

መፍትሔውን ያመጣው የ11 ዓመቱ ልጄ ነው። «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ እሁድ እሁድ አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ ብስክሌተኞቹን አይቶ ነበር። ብስክሌት እስክንገዛለት አላስቀመጠንም። ከገዛንለት በኋላ ግን ጎማው ተንፍሶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። «እማ፣ እትዬ ጋ በብስክሌት ብንሄድስ?» ሲለኝ ሳቅኩ። ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በልጅነቴ ሰፈራችን ብስክሌት ይከራይ ነበር፤ በስሙኒ አንድ ዙር። አባቴ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ማየት አይፈልግም። ከመቀነቷ ስሙኒ ፈትታ የምትሰጠኝ ይህችው አክስቴ ነበረች። ወድቄ ጉልበቴ የተላጠ ዕለትም «እኔ ልኬያት ደረጃ ላይ ተደናቅፋ ነው» ብላ አዳነችኝ። እንዲህ ያለችዋን ሰው ነው ስምንት ወር ያላየኋት።

ጎሚስታው የልጄን ካላማዳሪ ለጠፈልን፤ እኔ የወንድሜን ብስክሌት ተዋስኩ። በግንቦት አንድ እሁድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ግማሽ ኪሎ ቡናና ሙዝ በጀርባ ቦርሳ ይዘን ወጣን። የሰፈራችን ጎረምሶች «እናት፣ ፍሬን ያዢ!» እያሉ ሸኙን። እውነት ለመናገር፣ የመጀመሪያዎቹን መቶ ሜትሮች ፍሬኑን አልለቀቅኩትም።

እሁድ ጠዋት አዲስ አበባን በብስክሌት አይታችኋት ታውቃላችሁ? በሪቼ አድርገን መስቀል አደባባይ ስንደርስ ደረጃው ላይ ስፖርተኞች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ዳገት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን የሚያስታውሳችሁ ሳንባችሁ ነው። ወርደን እየገፋን አዘገምን። ጉዞው የጣፈጠኝም ያኔ ነው፤ በታክሲ ስናልፍ የማይጠይቀኝን ልጄ ይጠይቀኝ ጀመር። በስተግራ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት የተሠራውን የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አሳየሁት። በስተቀኝ ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽን፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበትን። «በብስክሌት ኦሊምፒክ ሄደን እናውቃለን?» አለኝ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት እንደተወዳደሩ ነገርኩት። ቀሪውን ዳገት ሳይወርድ ወጣው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። የአክስቴ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ብስክሌቱን በእጅ ካልያዙ በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ነበር። በሩን ስናንኳኳ መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ብስክሌቱን ነው። «አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልተውሽም?» ብላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ቡናው እስከ በረካ ሳይጠጣ መነሣት አልተፈቀደልንም።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ክረምቱ ቢያቋርጠንም በመስከረም ቀጠልን፤ ሰባት እሁድ ሄድን። ሰባት ብቻ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ አክስቴም ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ገላን ጉራ ሄደች። ዕቃዋን ስንጭን ያለቀሰችው ለቤቱ አልነበረም። ለአርባ ዓመት ቡና ያጣጧት ጎረቤቷ ሌላ ሕንፃ ላይ እንደደረሳቸው ስትሰማ ነው።

ዛሬ ካዛንቺስ ሰፊ መንገድ ላይ ነው የምንነዳው። ልጄ እንደ ልቡ ይፈጥናል፤ ቅያሷ የነበረችበትን ቦታ ግን ሁለታችንም በእርግጠኝነት መለየት አቅቶናል። ከሰባቱ እሁዶች በፊት ያለፉትን ስምንት ወሮች የማስባቸው እዚያ ጋ ስደርስ ነው።

ገላን ጉራ ለእኔ ጉልበት ሩቅ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የልጄን ብስክሌት ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭነን ሄድን። የሕንፃው ልጆች ከበቡት። እሱም ቁመቱ ስለጨመረና ስላነሰው እዚያው ተወላቸው። አሁን ተራ አስያዧ አክስቴ ናት። «በስሙኒ አንድ ዙር ነው» ትላቸዋለች፤ ስሙኒ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ግን የለም።

እናንተም ብስክሌት ግቢያችሁ ውስጥ ቆሞ ከሆነ ለጎሚስታ አሳዩት። ፍሬኑንና ካቴናውን አስፈትሹ፤ ለልጆቻችሁ ሄልሜት አትርሱ፤ እሁድ በማለዳ ውጡ፤ ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት አያሳፍርም። ብስክሌት ባይኖራችሁም በእግር ሂዱ። ብቻ አክስታችሁ ደውላ ክፍለ ሀገር ናችሁ ወይ እስክትላችሁ አትጠብቁ።