አክስቴ ከማደንዘዣው ስትነቃ የጠየቀችኝ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፍቅርና ትዳር አይደለም። ስለ አንዲት ቀን ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. አክስቴ በጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ስለሆነችበት ቀን።

አክስቴ የደጎሎ ሰው ናት። እብጠቱን ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው፤ የባቄላ ፍሬ ያህል ነበር። «ካላመመኝ ምን ብዬ ሰው ላስጨንቅ?» ብላ ዓመት ሙሉ ደበቀችው። ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ቆዳው ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ነው ደንግጣ ለእናቴ በስልክ የነገረቻት። ወንጭትንና ጀማን ተሻግራ አዲስ አበባ መጣች። ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ካንሰር ሆነ።

በቀጠሮዋ ዕለት ከሌሊት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም። ለማደንዘዣው ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ቡና ሲቀርባት ራሷን የሚያማት ሴትዮ ያን ቀን ስለ ቡና አላነሳችም። ነርሷ የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። ባሏ ሊፈርም እጁን ሲዘረጋ፣ «ጡቱ የኔ፣ ፊርማውም የኔ!» አለችና ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ... ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁ።

ጉትቻዋን አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «አምስት ልጅ አጥብቷል፤ ሥራውን ጨርሷል እኮ ልጄ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እንላለን፤ የሚወጣው የሌላ ሰው በሽተኛ ነው። በመጨረሻ እሷ ወጣች፤ ከጎኗ ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሏል። ስትነቃ ስለ ጡቷ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ተጨነቅሁ። እሷ ግን፦

«ክንዴስ? እንጀራ እጋግርበታለሁ?» አለችኝ።

ሐኪሙ እንደምትጋግር ነገራት። ለጊዜው ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ክንዷን ግን ቀስ በቀስ እንድታንቀሳቅስ አዘዛት። በሽታው ብብቷ ሥር ያሉት ንፍፊቶች ጋ ስለደረሰ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ መድኃኒት ተከተለ። ፀጉሯ ረገፈ። ያ የተደበቀ ዓመት ያስከፈላት ይህንን ነው።

እህቶቼ! የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው። ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ አክስቴን ያታለላት ይኸው ነው። እብጠት ሁሉ ደግሞ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ለይቶ የሚነግራችሁ ግን ሐኪም እንጂ ፍርሃት አይደለም። የወር አበባችሁ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጡታችሁንና ብብታችሁን ዳስሱ። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ። ባሎችም ብትሆኑ «ምን ሆነሻል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔም ደሟ አለብኝና ራሴን ስዳስስ መጀመሪያ እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። አሁን ለምጃለሁ። አክስቴ ደጎሎ ናት፤ ትጋግራለች። ጎረቤቶቿ ቡና ላይ ሲሰበሰቡም ከአቦሉ በፊት «ደሳችሁ ወይስ አልዳሰሳችሁም?» ትላቸዋለች አሉ።

ቸር ይግጠመን!