«አሳይቻታለሁ» ብዬ ዋሸኋት

ዛሬ የሰው ገመና ሳይሆን የራሴን ነው የማወጣው። በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ ባለቤቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ አማቶቼ ዘንድ ልሄድ አስቤ ነበር። አሮጊቷ ኮሮላዬ ግን ጎርበጥ ያለ መንገድ ስታገኝ ከፊት በኩል «ቀጭ ቀጭ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። መሪዋም ትንሽ ባዶውን ከዞረ በኋላ ነው ጎማው የሚሰማው።

«ኧረ አሳያት» አለችኝ ባለቤቴ። ደግማ ስትጠይቀኝ «አሳይቻታለሁ፣ ምንም የለባትም» አልኳት። ውሸቴን ነው! የበጉን ብር መንካት አልፈለግሁም።

እሷ ለካ የግራ ፊት ጎማ ባንድ ጎኑ ብቻ መበላቱን አይታ ኖሯል። ሊነጋ ልንጓዝ ሰፈራችን ካለው መካኒክ ዘንድ እየነዳች ወሰደችኝ። ሰውዬው በክሪክ አነሳና ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ወዘወዘው። «እስቲ እዚህ ጋ ንኪው እታለም» አላት። ነካችው። ያ «ቀጭ» መዳፏ ላይ ደረሰ። ቀና ብዬ ላያት አቃተኝ።

«የመሪው ቴስቲና አልቋል» አለ። መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ኳስ መሰል መጋጠሚያ ነው። የላስቲክ ኮፍያው ተቀዶ፣ ግራሶው ወጥቶ አቧራ ገብቶበታል።

«ቢወልቅስ?» አለችው።

«መሪውን የፈለገውን ያህል ቢያዞር ያ ጎማ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው።»

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረዳችሁ፣ ያን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። እሷ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ!

ሱማሌ ተራ ሮጥኩ። ሻጩ ያገለገለ በርካሽ ሲያቀርብልኝ ልቤ ከጀለ (ሰው አይማርም እኮ!)፤ አዲሱን ገዛሁ። መካኒኩ አሮጌውን ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ አስገባው። ዳዶውን አጥብቆ፣ የድሮዋን መቆለፊያ ሽቦ ጥሎ በአዲስ ቆለፈው። «ይሄ ግምት ነው፤ አላይመንት ሳታስለካ እንዳትወጣ» አለኝ። አስለካሁ።

ባለቤቴ እስከ ደጀን አላናገረችኝም። አማቶቼ ቤት በበግ ፋንታ ሁለት ዶሮ ይዘን ደረስን።

ያለቀውን ቴስቲና ከመካኒኩ ለምና ወስዳ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ዛሬም «ይደርሳል» ባልኩ ቁጥር አውጥታ ጆሮዬ ስር ትወዘውዘዋለች። ቀጭ ቀጭ።