ሥዕልን ስለሚመርጡ ልጆች

በዚህ ዘመን ልጅ ያላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ፍርሃት ይዟቸዋል። ልጃቸው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ወይም የኮምፒዩተር ዐዋቂ እኾናለሁ ቢል ደስ ይላቸዋል፤ «ሥዕል እማራለሁ» ያለ እንደ ኾነ ግን ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ይመስል ፊታቸው ይለወጣል። እኔም ከቅኔው ጉባኤ ሌላ በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን የማስተምር ስለኾንሁ፥ ይህን ነገር ከአባቶችም ከልጆችም አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አባቶች «ምን በልቶ ሊኖር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹን ግን ለምን እንደ መረጡት የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ እኔ መጠየቅን ወደድሁ።

አስቀድሞ የትምህርቱን መንገድ መናገር ይገባል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ «የክወናና የእይታ ጥበባት» የተባለ ትምህርት አለ፤ በእርሱም ዜማውም ውዝዋዜውም ተውኔቱም ሥዕሉም በአንድነት ተጠቅልሎ ይሰጣል። እኔ እንደ ሰማሁት፥ መምህሩ ዜማ የሚያውቅ እንደ ኾነ ሥዕሉ ይቀራል፤ ሥዕል የሚያውቅ እንደ ኾነ ዜማው ይቀራል፤ ኹለቱንም የማያውቅ እንደ ኾነ ደግሞ ሰዓቱ ለሒሳብ ማካካሻ ይኾናል። ከዚያ ወዲያ ተማሪው 11ኛ ክፍል ሲደርስ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ምረጥ ይባላል። መንግሥትም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 ከመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፥ 30 ከመቶው በማኅበራዊ ትምህርት እንዲመደቡ ደንብ አውጥቶ ለብዙ ዓመት ሠርቶበታል። ሥዕል እንግዲህ ከዚያች ከ30ዋ ላይ የተቈረሰች ፍርፋሪ ናት። በዚህ ጠባብ በር ልግባ የሚል የ16 ዓመት ልጅ ሲገኝ ምክንያቱን መስማት የሚገባ ነገር ነው።

ከማውቃቸው ተማሮች አንዲቱ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር፥ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ ቆይቶ «መሪጌታ፥ ይህችን ልጅ ይምከሩልኝ፤ እርስዎን ትሰማለች። በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን 12ኛ ክፍልን ስትጨርስ ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት እፈተናለሁ ብላ ቆርጣለች» አለኝ። ይህን ሲናገር ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመት ኾኗታል፤ የሚያሳድጋትም ብቻውን ነው። ነገ እኔ ባልኖር በምን ትኖራለች ብሎ የሚጨነቅ አባት ነው እንጂ ጥበብን የሚንቅ ሰው አይደለም።

ልጅቱን አስጠርቼ፥ ለምክሩ ሳልቸኵል፥ «ልጄ፥ ለምን ሥዕልን መረጥሽ?» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «የኔታ፥ በሌላው ትምህርት የተሳሳትሁ እንደ ኾነ በቀይ ይሰረዝብኛል፤ በሥዕል ግን የተሳሳትሁ እንደ ኾነ መምህሩ አጠገቤ ይቀመጥና እንደገና እዪው ይለኛል» አለችኝ። ቀጥላም ስለ አንድ ጀበና ነገረችኝ። የትምህርት ቤቱ የሥዕል ክበብ መምህር ጀበና አምጥቶ ከጠረጴዛ ላይ አኖረና ሣሉ አላቸው። ኹሉም ቀና ብለው ሳያዩ በልባቸው የሚያውቁትን ጀበና ሣሉ። መምህሩም ወረቀታቸውን ከጀበናው አጠገብ አድርጎ አሁን ተመልከቱ ቢላቸው፥ የአንገቱ ርዝመትም የጆሮው መታጠፍም ከሣሉት ጋር የማይገናኝ ኾኖ አገኙት። «ከተወለድሁ ጀምሮ ጀበና ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፤ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ማታ የእናቴን እጅ ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ፎቶግራፏ አለን፤ ፎቶግራፉ ግን ፊቷን ብቻ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ እንደ ማንኛውም ነገር ተናገረችው።

እኔም ከዚያ ወዲያ እርስዋን መምከሩን ተውሁትና ለአባቷ የምነግረውን ማሰብ ጀመርሁ።

ሌሎችንም ጠይቄአለሁ። አንዱ በስልኩ ላይ የሚሥል፥ ነገ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሠርቼ ለማስታወቂያና ለፊልም እሸጣለሁ የሚል ነው፤ ስለ ገንዘብ ከአባቱ ይልቅ እርሱ አስቦበታል። ሌላዪቱ ጓደኛዬ ስለገባች ገባሁ አለችኝ። አንዱ ደግሞ ሒሳብ ስለከበደው ሥዕል ይቀላል ብሎ የመጣ ነው፤ እርሱን ሥዕል ራሷ በሦስት ወር ውስጥ እንደምታሰናብተው አልጠራጠርም፥ የሰውን ፊት በልክ ማስቀመጥ ከሒሳብ ይከብዳልና። እንዲህ ያሉት ኹሉ በቅኔ ቤትም ነበሩ፤ ከእርሻ የሸሸም፥ ወንድሙን ተከትሎ የመጣም፥ እንጀራ አገኝበታለሁ ብሎ የመጣም ነበረ።

እኔ ራሴ በ13 ዓመቴ ከአባቴ በሬዎች ኋላ ተሰውሬ ወደ ቅኔ ቤት የኼድሁ ነኝ። አባቴ አራሽ ይፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ለምን ኼድህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር፥ ለሽማግሌ ደስ የሚለውን መልስ፥ ቤተ ክርስቲያንን ለማገልገል ነው ብዬ እመልስ ነበር። ምክንያቴ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። አንድ ደበሎ የለበሰ ተማሪ በደጃችን ቁራሽ ሲለምን እናቴ አሳደረችው፤ ማታም እሳት ዳር ተቀምጦ አንዲት ጉባኤ ቃና አሰማን። ዳዊት ደግሜ ስለነበር ቃሉን በጥቂት በጥቂቱ ለየሁት። ተማሪውም ሰሙን ተረጐመልኝና ወርቁን ሳይነግረኝ ሲነጋ ኼደ። ኹለት ቤት ብቻ በኾነች ነገር ውስጥ አንድ ነገር ተሸሽጎ ሳለ እኔ አላገኘሁትም። በሬዎቹን እየነዳሁ ብዙ ቀን ስፈልገው ሰነበትሁ። አኩፋዳ አንጠልጥዬ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ፥ ከየመንደሩ ውሻ ጋር እየታገልሁ የተማርሁት ያችን ወርቅ ፍለጋ ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ዘአምላኪየ እያለ፥ ቤቱ እየበዛ፥ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ማታም በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። የትናንቱን ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ የጓደኛን ይዞ መቅረብማ አይነሣ። ገና ጢም ያላወጣ ልጅ በየቀኑ ትናንት ያልነበረ ነገር ይዘህ ና ይባላል። ቤቱ የተቈጠረ ነው፤ ዜማው የታወቀ ነው፤ ታሪኩም ከመጻሕፍት የተገኘ ነው፤ የሚያመጣው ነገር ግን የራሱ መኾን አለበት።

እንግዲህ በዘመኑ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ዐሥራ ኹለት ዓመት ሙሉ የተሰጠውን እንዲመልስ ይጠየቃል። ይህን አልነቅፍም፤ እኛም ንባቡን በቃል ካላጠናን ወደ ቅኔው አንገባም ነበር። ነገር ግን ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ዕድሜ ሰው ከራሱ አንድ ነገር አውጥቶ ለታላቁ ማሳየት የሚወድበት ዕድሜ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን የሚጠይቀው ትምህርት ሥዕል ብቻ ኾኖ ቀርቷል። ልጆቹ የሚመርጡበት ዋናው ምክንያት ይህ እንደ ኾነ አምናለሁ፤ ራሳቸው በዚህ ቃል ባይናገሩትም። የትምህርት ባለሙያዎች ይህን «ፈጠራ» ይሉታል። ፈጣሪ አንድ ስለኾነ ቃሉን አልወደውም፤ ነገሩን ግን እወደዋለሁ።

ወላጅን አሳዝኖ ሥዕልን መምረጥ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአንኮበር የተወለዱ ናቸው፤ በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ፥ የማዕድን ምሕንድስና ተምረው እንዲመለሱ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ለአገሪቱ በዚያን ጊዜ የማዕድን መሐንዲስ በእውነት ያስፈልጋት ነበር። ልጁ ግን ማዕድኑን ትተው በለንደን ሥዕልንና ቅርጻ ቅርጽን ተማሩ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስተዋት ሥዕል 150 ሜትር ካሬ ስፋት አለው፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ሥራቸው ይገኛል። በ2004 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ወገን ተወልደው፥ በአሜሪካ በሺካጎ ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ኾኖ በስማቸው ይጠራል። በዚያው ያስተማሩት የሐረሩ ተወላጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በጀርመን አገር የተማሩ ይኹኑ እንጂ፥ አባታቸው የሃይማኖት መጻሕፍትን የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ሥዕል ከፈረንጅ የመጣ ነገር የሚመስላቸው ወላጆች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

ይኹን እንጂ እነዚህን ሦስት ስሞች ለዚያ አባት አልጠራሁለትም። ስሙ ከታወቀ አንድ ሠዓሊ ኋላ ስማቸው ያልታወቀ ብዙዎች እንዳሉ እርሱም ያውቃል፤ የሒሳብ ሰው ነው። ስለዚህ በሒሳብ አናገርሁት። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ አስታወስሁትና፥ «ጥርጊያ ነው የምትለው መንገድም ከመቶ ሰው አራት እንኳ አላሳለፈም» አልሁት። እርሱም «የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊስ ምን ያገኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርሁት፤ ከደብሩ ጋር በውል ይሠራል፥ ሥራው ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል፥ የወር ደመወዝም ጡረታም የለውም። ማስተማርም፥ ለማተሚያ ቤትና ለማስታወቂያ መሥራትም እንዳለ ጨመርሁለት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ «እርስዎስ፥ መሪጌታ፥ ከቅኔ ምን አገኙ?» አለኝ። እርሱ ራሱ የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ተቈጣጣሪ ነውና ደመወዜን ያውቀዋል። ኹለታችንም ሳቅን።

ከሳቁ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ልጅቱ የሥዕሉን ፈተና እንድትፈተን፥ ውጤቷ እስኪታወቅ ድረስ ግን ሒሳቧንና ሳይንሷን እንዳትተው ተስማሙ። ቅዳሜ ከክበቡ ስትመለስ ይመሽ የነበረውን ነገር በተመለከተ ገና እየተከራከሩ ነው፤ በዚህ እኔ ከአባቷ ጋር ነኝ።

በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ ለድንኳኑ ሥራ ጥበብን እንደ ሞላበት ተጽፏል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ከዚያው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ባስልኤልና የዳን ነገድ የኾነው ኤልያብ ሌሎችን ያስተምሩ ዘንድ ደግሞ በልባቸው ተሰጥቷቸዋል። እኛ ግን ቤተ ክርስቲያን እናሠራለን፥ ጕልላቱን እናስጌጣለን፥ ለግድግዳው ሲኾን ከሱቅ የታተመ ሥዕል እንገዛለን። የቀደሙት አባቶች ሸማውን ከግድግዳ ላይ አጣብቀው፥ ቀለሙን በጥብጠው ሲሥሉ፥ በዘመነ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ነበረው እንደ ፍሬ ጽዮን ያለ ሠዓሊ ስሙን እስከ መጻፍ የደረሰ ሙያ ነበራቸው። ልጆቻችን ሥዕልን ሲመርጡ የምንፈራው፥ ምናልባት የምናሠራቸው ሥራ ስለ ተውንላቸው ይኾናል።

በእኛ ደብር በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ያለው የቀድሞው ሥዕል የጣራው ውኃ እየወረደበት ተልጧል። የክበቡ መምህር ጨርሶ ሳይጠፋ ልጆቹን አምጥቶ በወረቀት እንዲገለብጡት ሰበካ ጉባኤውን ጠየቅንና ተፈቀደ። ባለፈው ቅዳሜ ሰባት ልጆች፥ ያችም ልጅ ከእነርሱ ጋር፥ እርሳስና ወረቀት ይዘው መጡ። የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ ሲገለብጡ አንደኛው ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «የኔታ፥ የይሁዳ ሌላው ዐይኑ የት ኼደ?» አለኝ። እኔም ጻድቃን ፊት ለፊት በኹለት ዐይናቸው እንደሚሣሉ፥ ከሓድያን ግን በአንድ ወገን ብቻ እንደሚታዩ ነገርሁት። እርሱም ተመልሶ ከሐዋርያት ፊት አንድ በአንድ እየቈጠረ ኼደ፤ ሌላም በአንድ ወገን የተሣለ እንዳለ አገኛለሁ ብሎ ሲፈልግ ሰዓቱ ደረሰ። የሰሜኑ ግድግዳ ለሚመጣው ቅዳሜ ቀርቷል።