ጾምና የግሪክ ማዕድ

ቀርጤስ የግሪክ ደሴት ናት። አንድ ክረምት እዚያ የወይራ ፍሬ ስለቅም ከርሜአለሁ። ያሳደሩኝ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። እማማ እላቸው ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። የእኛ ከእነሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይገባል። የእነሱ ጾም በገባበት ሰኞ እማማ ማዕድ አቀረቡ። ሳየው ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ነው። «በጾም ሥጋ!» ብዬ ሳህኑን ገፋሁት። እማማ ዝም አሉ። ፊታቸው ጠቆረ።

ማታ ልጃቸው አስረዳኝ። በእነሱ ሥርዓት ቀይ ደም የሌለው የባሕር እንስሳ በጾም ይበላል። ዓሣ ግን በዚህ ጾም የሚፈቀደው ለብሥራትና ለሆሳዕና ብቻ ነው። እማማ ረቡዕና ዓርብ ዘይት እንኳ አይቀምሱም። እኔ ደግሞ ያለ ዘይት ወጥ በልቼ አላውቅም። አፈርሁ።

አገሩን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ባሕሩ ቅርብ ነው። መሬቱ ተራራና ድንጋይ ነው። በጋው ደረቅ ነው። ለላም የሚሆን ሣር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አይባቸው በብዛት ከበግና ከፍየል ወተት ነው። በቅቤ ፈንታ የወይራ ዘይት አላቸው፤ ወይራ ድርቅ ይችላላ! እኛ የወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ ዘመዱ ነው። የእኛው ፍሬ ግን ትንሽ ነው።

በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅሁ። እማማ ሳቁ። ከተራራ የለቀሙትን ቅጠል ቀቅለው፣ ሎሚ ጨምቀውበት ሰጡኝ። «ብላ፣ ልጄ» አሉኝ። ልክ እንደ ጎመን ነው፤ ጥቂት ይመራል። ሳህኑን ጠራርጌ በላሁ።

ያንን ባለ ስምንት እግር ግን እስክመለስ አልቀመስሁትም።